ከጠመንጃ ወደ መዝገብ፤ የእንግሊዝ የብርድ ወራት የአዕዋፍ ምልከታ ታሪክ

በኢትዮጵያ ሰማዩ ጠርቶ አዝመራው የሚታጨድበትና የሚወቃበት የታኅሣሥና የጥር ወቅት፣ በሰሜን አውሮፓ የብርድና የጨለማ ወቅት ነው። ዛፎች ቅጠላቸውን አራግፈው ይቆማሉ፤ ቀኑ ያጥራል፤ ኩሬዎች ይረጋሉ። ይሁን እንጂ ለእንግሊዝ ምሥራቃዊ የባሕር ዳርቻ ይህ ወቅት የሕይወት መናኸሪያ ነው። የሳይቤሪያን፣ የአይስላንድንና የግሪንላንድን በረዶ የሸሹ ዝዮች፣ ዳክዬዎችና ልዩ ልዩ የባሕር ዳር አዕዋፍ በመቶ ሺህ እየተቆጠሩ ይወርዱበታል። ዋሽ በሚባለው ባሕረ ሰላጤ የባሕሩ ውሃ ሲጎድል ዓይን የማይጨርሰው የጭቃ ሜዳ ይገለጣል፤ በጭቃው ውስጥ የተሸሸጉት ትሎችና ዛጎል ለበስ ፍጥረታት የአዕዋፉ ቀለብ ናቸው። ውሃው ተመልሶ ሲሞላ ደግሞ ማረፊያ ያጣው መንጋ በአንድነት ይነሣል፤ ከሩቅ ለሚያየው ንፋስ የሚያወዛውዘው ጢስ ይመስላል።

ለመሆኑ የአገሩ ሕዝብ ይህን ትዕይንት በየዘመኑ በምን ዓይን ተመለከተው? መጀመሪያ እንደ ምግብና እንደ ገበያ ሸቀጥ ነበር፤ ቀጥሎ የባለጸጎች ጌጥና ስብስብ ሆነ፤ በመጨረሻም የእውቀት ምንጭና የጋራ ሀብት ለመሆን በቃ። ይህ ለውጥ በአንድ ጀንበር አልመጣም። ለውጡን ካመጡት መካከል ዝነኛ ሊቃውንት ቢኖሩም፣ የሥራው ዋና ተሸካሚዎች ግን በየብርዱ ወራት ከቤታቸው እምብዛም ሳይርቁ አንዱን ረግረግ፣ አንዱን የባሕር ዳርቻ ወይም አንዱን ጓሮ ደጋግመው የተመለከቱና ያዩትን የጻፉ ተራ ሰዎች ነበሩ። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የረግረጉ ሰውና ጠመንጃው

የዚህ ታሪክ መነሻ ሆድ ነው። ከዋሽ በስተ ደቡብ የሚገኘው ፌንስ የተባለው ምድር እስከ 17ኛው መቶ ዓመት ድረስ ሰፊ ረግረግ ነበር። ነዋሪው ዓሣ እያጠመደ፣ ሸምበቆ እያጨደ፣ በብርዱም ወራት ዳክዬና ዝይ እየያዘ ይተዳደር ነበር። በ1630ዎቹ የቤድፎርዱ መስፍንና ሌሎች ባለገንዘቦች ኮርኔሊየስ ቬርማይደን የተባለውን የኔዘርላንድ መሐንዲስ ይዘው ረግረጉን ማድረቅ ጀመሩ። ለባለገንዘቦቹ አዲስ የእርሻ መሬት ሲገኝ የረግረጉ ሰው ኑሮው ከሥሩ ተነቀለ። ከዚህም የተነሣ ግድቦችን እስከ ማፍረስ የደረሰ ተቃውሞ ተነሣ፤ ዳሩ ግን ማድረቁ አልቆመም። አዕዋፉም መጠጊያቸው እየጠበበ ሲሄድ ወደ ባሕሩ ዳርቻ ተገፉ።

በ19ኛው መቶ ዓመት የባሕሩ ዳርቻ አዳኝ በጠፍጣፋ ጀልባ ላይ በደረቱ ተኝቶ፣ በጀልባዋ አፍንጫ የተጠመደውን ረጅም ጠመንጃ ይዞ ወደ መንጋው በጸጥታ ይቀዝፍ ነበር። ይህ መሣሪያ በአንድ ተኩስ ብዙ ደርዘን ዳክዬ ሊጥል ይችላል። አዳኙ ግን ደልቶት የሚኖር ሰው አልነበረም። ሌሊቱን በውርጭ ውስጥ አድሮ የሚያገኘውን ግዳይ ነጋዴ ገዝቶ በባቡር ወደ ለንደን ይልከው ነበር። ብርቅ ወፍ የጣለ እንደሆነ ደግሞ ሌላ ገዢ ይመጣለታል፤ ይኸውም ቆዳዋን አስሞልቶ በመስተዋት ሣጥን የሚያስቀምጠው ባለጸጋ ሰብሳቢ ነው። በዚያ ዘመን ስለ ወፍ አውቃለሁ የሚል ሰው የእውቀቱ ማስረጃ የገደላት ወፍ ሬሳ ነበረች። በዚህ አሠራር አንዲት ወፍ እየጠፋች በሄደች መጠን ዋጋዋ እየናረ፣ ዋጋዋ በናረ መጠንም የሚያሳድዳት እየበዛ ሄደ። ቢተርን የምትባለው የሸምበቆ ወፍ በዚያ መቶ ዓመት ማብቂያ በእንግሊዝ ምድር ጎጆ መሥራት እስከ ማቆም የደረሰችው አንድም በረግረጉ መድረቅ፣ አንድም በዚህ አደን ምክንያት ነው።

የሴልቦርኑ ቄስ

ከዚህ የተለየው የአመለካከት ፈር የተቀደደው ግን ቀደም ብሎ፣ በደቡብ እንግሊዝ በምትገኝ ሴልቦርን በተባለች መንደር ነው። ጊልበርት ዋይት በ1720 በዚያችው መንደር ተወልዶ በ1793 በዚያው ያረፈ ቄስ ነበር። በዘመኑ የነበሩ ሊቃውንት ከሩቅ አገር በመርከብ የሚመጣላቸውን ፍጥረት ሲመረምሩ፣ እርሱ ከ1768 ጀምሮ በመንደሩ ያየውን በየዕለቱ ይመዘግብ ነበር። በመስክ ጥናት ለማያውቁት ሰዎች አንድ የሚመስሉትን ሦስት ትንንሽ የቅጠል ወፎች በድምፃቸው ለይቶ ሦስት መሆናቸውን አሳየ። በብርዱ ወራት ቻፊንች የሚባሉት የእህል ወፎች በታላቅ መንጋ ሲሰበሰቡ አብዛኞቹ እንስቶች መሆናቸውን አስተዋለ። በጥር 1776 ብርቱ ውርጭ ሲወርድ ደግሞ በሜዳ የሚኖሩ ወፎች ከረኃብ የተነሣ ፍርሃታቸውን ረስተው በከተማ መንገዶች ላይ እንዳረፉ ጻፈ።

ዋይት ፍጹም ሰው አልነበረም። እርሱም ለመመርመር ወፍ ያስገድል ነበር፤ ጨረባ የምትባለው ሹካ ጅራቷ ወፍ በብርዱ ወራት ወዴት እንደምትሄድም እርግጠኛ ሳይሆን፣ ምናልባት ከፊሎቹ በአገሩ ተደብቀው ያንቀላፉ ይሆናል በሚል ጥርጣሬ እንደ ተያዘ ሞተ። ቢሆንም በ1789 የታተመው መጽሐፉ አንድ ታላቅ ነገር አስተማረ። ሰው አንዲትን ጠባብ ሥፍራ ሳይሰለች ቢመለከት፣ ዓለምን ዞሮ ከመጣው መንገደኛ ያላነሰ እውቀት ሊያበረክት እንደሚችል አሳየ።

ሥነ ጥበብም ወዲያው ተከተለ። የኒውካስሉ የእንጨት ቀራፂ ቶማስ ቢዊክ የብሪታንያን አዕዋፍ የሚያስተዋውቀውን መጽሐፉን በ1797 እና በ1804 በሁለት ክፍል አወጣ። ቢዊክ ምስሎቹን በጠንካራ እንጨት ላይ በጥቃቅን መሣሪያ ይፈለፍል ስለነበር የእያንዳንዷን ላባ አቀማመጥ ማሳየት ቻለ። በየምዕራፉ መጨረሻ ያስገባቸው ትንንሽ ምስሎች ደግሞ በረዶ የለበሰ መንደርን፣ ብርድ ያጎበጠውን መንገደኛና ድሀ ገበሬን የሚያሳዩ ናቸው። ወፏና ሰውየው በአንድ ብርድ ውስጥ የሚኖሩ ጎረቤታሞች መሆናቸውን የቢዊክ መቅረጫ ከብዙ ስብከት ይልቅ አጉልቶ አሳይቷል።

ላባና ሕግ

በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ የኢንዱስትሪው ዕድገት የጦር መሣሪያውን አርክሶ፣ የባቡሩን መንገድ አስፍቶ እልቂቱን አባባሰው። በዮርክሽር ገደሎች ላይ የሚኖሩትን የባሕር አዕዋፍ በጀልባ እየቀረቡ ለጨዋታ መተኮስ የከተማ ሰዎች የዕረፍት ቀን መዝናኛ ሆነ። የካምብሪጁ መምህር አልፍሬድ ኒውተን በ1868 ይህን አድራጎት በአደባባይ አወገዘ፤ በተከታዩ ዓመት በ1869 የባሕር አዕዋፍ ጥበቃ ሕግ ወጣ። ሕጉ የመራቢያቸውን ወራት ብቻ የሚሸፍን ነበር፤ በብርዱ ወራት የሚመጡት እንግዶች ግን እንደ ቀድሞው ለጥይት ተጋልጠው ቀሩ።

በዚያው ዘመን የሴቶች ባርኔጣ በላባ፣ አንዳንዴም በሙሉ የወፍ ሬሳ ያጌጥ ስለነበር የላባ ንግድ በዓለም ዙሪያ የወፍ ዘር ይጨርስ ጀመር። ኤሚሊ ዊልያምሰን በ1889 በማንቸስተር አጠገብ በሚገኘው ቤቷ ሴቶችን ሰብስባ ማኅበር አቋቋመች። የአባላቱ ቃል ኪዳን ቀላል ነበር፤ ለምግብ ካልታረደች ወፍ የተወሰደ ላባ፣ ከሰጎን ላባ በስተቀር፣ ላለማድረግ ይስማማሉ። ዛሬ የአዕዋፍ ጥበቃ ንጉሣዊ ማኅበር የሚባለው ድርጅት ከዚህ የቤት ውስጥ ስብሰባ የበቀለ ነው። ላባ ወደ አገር እንዳይገባ የሚከለክለው ሕግ የወጣው ግን በ1921፣ ማለትም ከ32 ዓመት ትግል በኋላ ነው። የላባ ነጋዴዎች ጥቅም ያን ያህል ሥር የሰደደ ነበር።

ጠመንጃው ሲቀመጥ

ሕግ መከልከል ይችላል እንጂ ማየትን አያስተምርም። በ1901 ኤድመንድ ሴለስ ያሳተመው መጽሐፍ ርዕሱ «የወፍ ምልከታ» የሚል ነበር። ሴለስ ወፍን ገድሎ ከመለካት ይልቅ የርቀት መነጽር ይዞ በሕይወት ሳለች ጠባይዋን መከታተል የበለጠ እውቀት እንደሚሰጥ ተከራከረ። ከባሕር ማዶም አንድ ምሳሌ ቀድሞ ታይቶ ነበር። በአሜሪካ በገና ሰሞን ሰዎች ቡድን ለይተው ብዙ እንስሳና ወፍ በመግደል የሚፎካከሩበት ልማድ ነበር። ፍራንክ ቻፕማን የተባለው የአዕዋፍ ተመራማሪ በዚህ ፈንታ በሕይወት ያሉትን ብቻ የመቁጠር ሐሳብ አቀረበ፤ በገና ዕለት 1900 ሃያ ሰባት ሰዎች በ25 ሥፍራዎች ቆጠራውን ጀመሩ። ቆጠራው ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ሳይቋረጥ ቀጥሏል።

ዋይትን ያስጨነቀው የጨረባ ጉዳይም በዚህ ዘመን መልስ አገኘ። በ1899 ሃንስ ክርስቲያን ሞርተንሰን የተባለ የዴንማርክ መምህር ቁጥር የተጻፈበት ቀላል ቀለበት በወፎች እግር ላይ ማሰር ጀመረ፤ በ1909 ዘዴው ወደ ብሪታንያ ተሻገረ። በግንቦት 1911 በስታፎርድሽር በአንድ ቤት ቀለበት የታሰረላት ጨረባ በታኅሣሥ 1912 በደቡብ አፍሪካ በናታል ተገኘች። በእንግሊዝ ደጃፍ ላይ ጎጆ የምትሠራው ወፍ ብርዱን የምታሳልፈው በአፍሪካ ሰማይ ሥር መሆኑ በአንዲት ቁራጭ ብረት ተረጋገጠ።

በኖርፎክ የባሕር ዳርቻም ምልከታው ሥፍራን ወደ መጠበቅ ተሸጋገረ። ፎቶግራፍ አንሺዋ ኤማ ተርነር በ1911 ጂም ቪንሰንት ከተባለው የአካባቢው ጠባቂ ጋር ሆና የቢተርንን ጫጩት በሸምበቆ ውስጥ አገኘች፤ ፎቶግራፏም ጠፍታ የነበረችው ወፍ ለመራባት መመለሷን አረጋገጠ። የሰብሳቢው ማስረጃ ሬሳ ነበር፤ የተርነር ማስረጃ ግን በሕይወት የቀረች ጫጩት ምስል ነው። በ1924 ተርነር ስኮልት ሄድ በተባለችው የአሸዋ ደሴት ላይ በአንዲት ጎጆ ተቀምጣ የወፎቹ ጠባቂ ሆነች። በ1926 ደግሞ ዶክተር ሲድኒ ሎንግና ባልደረቦቹ የክላይን ረግረግ በገንዘብ ገዝተው በሕዝብ አደራ ሥር አዋሉት። ከዚያ በኋላ በየአውራጃው ለተቋቋሙት የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበራት ይህ ሥራ ፈር ቀዳጅ ሆነ።

ቁጥር ጉልበት ሲያገኝ

የአንድ ሰው ማስታወሻ የአንድን መንደር ታሪክ ይናገራል፤ የብዙዎች ማስታወሻ ሲደመር ግን የአገር መዝገብ ይሆናል። ወጣቱ ማክስ ኒኮልሰን በ1928 የአንድ መጽሔት አንባቢያንን አስተባብሮ የሽመላ መሰል የውሃ ወፎችን ጎጆ በአገር ደረጃ አስቆጠረ። በ1933 ይህን መሰል ሥራ በቋሚነት የሚመራ የብሪታንያ የአዕዋፍ ጥናት ድርጅት ተቋቋመ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጄምስ ፊሸር ያሳተማት ርካሽ የኪስ መጽሐፍ ምልከታውን በሠራተኛው እጅ አስገባች። ፊሸር በመግቢያው ከሚያውቃቸው ተመልካቾች መካከል ነገሥታትንና ጠቅላይ ሚኒስትርን፣ የጽዳት ሠራተኛንና ፖሊሶችን፣ ኮሙኒስቶችንና ወግ አጥባቂዎችን፣ በጥቂት ደመወዝ የሚኖሩ የእርሻ ሠራተኞችንም ጎን ለጎን ዘርዝሯቸዋል።

በ1947 የውሃ አዕዋፍ ብሔራዊ ቆጠራ ተጀመረ። አሠራሩ ቀላል ቢሆንም ብርቱ ዲስፕሊን ይጠይቅ ነበር። ፈቃደኛው ቆጣሪ የቤቱን አቅራቢያ ሐይቅ ወይም የባሕር ዳርቻ ይረከባል፤ በብርዱ ወራት በወር አንድ ቀን፣ ሌሎቹ ቆጣሪዎች ሁሉ በሚወጡበት በዚያው ቀን፣ ዝናብም ቢሆን ውርጭ ወጥቶ ይቆጥራል። ምንም ያላየ እንደሆነም «የለም» ብሎ ይመዘግባል። በየዓመቱ በአንድ ሥፍራ የተጻፈው ይህ «የለም» የሚለው ቃል ከጊዜ በኋላ ዋጋው ከብርቅ ወፍ ዜና የበለጠ ሆኖ ተገኘ።

በዚህ ዘመን ከጠመንጃ ወደ መዝገብ የተደረገውን ጉዞ በራሱ ሕይወት ያሳየው ሠዓሊው ፒተር ስኮት ነው። አባቱ በ1912 ከደቡብ ዋልታ ሲመለስ የሞተው አሳሽ ሮበርት ስኮት ነበር። ፒተር በወጣትነቱ በዋሽ ጭቃ ላይ ዝይ የሚያድን ብርቱ ተኳሽ ሆኖ፣ የሚተኩስባቸውንም መንጋዎች በሸራ ላይ ይሥል ነበር። በኋላ ግን ጠመንጃውን ትቶ በ1946 በሴቨርን ወንዝ ዳር በስሊምብሪጅ የውሃ አዕዋፍ ማዕከል አቋቋመ። ከ1964 ጀምሮ በየብርዱ ወራት በመኖሪያ ቤቱ መስኮት ፊት ለፊት በሚገኘው ኩሬ ላይ ስዋን የሚባሉት አንገተ ረጅም ነጫጭ ወፎች ከሳይቤሪያ እየመጡ ያርፉ ጀመር። እነዚህ በቢዊክ ስም የሚጠሩ ናቸው። ስኮት በሠዓሊ ዓይኑ ሲመረምራቸው በመንቁራቸው ላይ ያለው የጥቁርና የቢጫ ቀለም አቀማመጥ ከአንዷ ወደ ሌላዋ እንደሚለይ አስተዋለ። እርሱና ቤተሰቡ የእያንዳንዷን ፊት እየሣሉ ስም አወጡላት። በዚህ መንገድ የትኛዋ በዓመቱ እንደተመለሰች፣ ከማን ጋር እንደተጣመደች፣ የትኛዋም እንደቀረች ሳይነኳቸው ለማወቅ ተቻለ። እዚህ ላይ ሥዕል ራሱ የሳይንስ መሣሪያ ሆኗል።

ቁጥሮቹ ብዙ ሳይቆዩ በአደባባይ ተፈተኑ። በ1969 በወንዝ መፍሰሻዎች ላይ ግድብ የመሥራት ዕቅድ ሲበዛ የባሕር ዳር አዕዋፍ ልዩ ቆጠራ ተጀመረ። በ1971 የብሪታንያ መንግሥት የለንደንን ሦስተኛ አውሮፕላን ማረፊያ በኤሴክስ ዳርቻ በማፕሊን የአሸዋ ሜዳ ላይ ለመሥራት ወሰነ። ሥፍራው ከሳይቤሪያ የሚመጣው ጥቁር ዝይ ብርዱን ከሚያሳልፍባቸው ዋና ዋና መጠጊያዎች አንዱ መሆኑን የቆጣሪዎቹ መዝገብ ያሳይ ስለነበር ክርክሩ ጋለ። ዕቅዱ በ1974 የተሰረዘው በተለይ በወጪው ክብደት ምክንያት ነው፤ ነገር ግን መዝገቡ ባይኖር ኖሮ የዝዩ ጉዳይ በክርክሩ ውስጥ ቦታ ባላገኘም ነበር። በየካቲት 1971 በኢራን ራምሳር ከተማ የተፈረመው የረግረግ ቦታዎች ዓለም አቀፍ ስምምነትም የየአገሩን ሥፍራዎች ክብደት ለመመዘን ከሚጠቀምባቸው መለኪያዎች አንዱ የአዕዋፉ ቁጥር ነው።

ጭልፊቱና መርዙ

በዚያው በኤሴክስ የቼምስፎርድ ነዋሪ የነበረው ጆን ቤከር የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነበር። ዓይኑ አጥርቶ የማያይ ሆኖ ሳለ ወደ አሥር በሚጠጉ የብርድ ወራት በብስክሌት እየዞረ ፔሪግሪን የተባለውን ፈጣን ጭልፊት ከእርሻው እስከ ባሕሩ ዳርቻ ተከታተለ። በ1967 ያሳተመው መጽሐፍ እነዚያን ሁሉ ዓመታት በአንድ ወቅት ማስታወሻ መልክ ጨምቆ ያቀረበ ሲሆን በእንግሊዝኛ ከተጻፉት የተፈጥሮ ድርሰቶች መካከል በከፍተኛ ደረጃ ይጠቀሳል። መጽሐፉ የሐዘን ጥላ ያጠላበት ነው፤ ቤከር የሚከተለው ጭልፊት በዓይኑ ፊት እየጠፋ ነበርና።

የመጥፋቱ ምክንያት የታወቀበት መንገድ ራሱ አስደናቂ ነው። በ1960 የእሽቅድምድም ርግብ አርቢዎች ጭልፊት በዝቶ ርግባችንን ጨረሰብን ሲሉ አቤቱታ አቀረቡ። ነገሩን ለማጣራት ዴሬክ ራትክሊፍ የመራው ቆጠራ ግን ጭልፊቱ መብዛቱ ቀርቶ ከግማሽ በታች መውረዱን አረጋገጠ። ራትክሊፍ በ1967 ባወጣው ጽሑፍ የጭልፊት ዕንቁላል ቅርፊት ከ1940ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ እንደሳሳ አስታወቀ፤ ይህም ዲዲቲን የመሰሉ የተባይ መርዞች በሥራ ላይ ከዋሉበት ጊዜ ጋር ይገጥማል። የጥንቱን ቅርፊት ውፍረት ለማነጻጸር ያስቻሉት በሣጥን ተቆልፈው የኖሩት የቀድሞ ሰብሳቢዎች ዕንቁላሎች ነበሩ። የዝርፊያው ዘመን ቅሪት ለጥበቃው ዘመን ምስክር ሆኖ ቆመ። መርዞቹ ደረጃ በደረጃ ከታገዱ በኋላ ጭልፊቱ አንሰራራ፤ ዛሬ በለንደን ሕንፃዎች ላይ ሳይቀር ጎጆ ይሠራል።

የጓሮዋ ድንቢጥ

ከ1979 ጀምሮ የአዕዋፍ ጥበቃው ማኅበር በጥር ወር መጨረሻ ሕፃናት ለአንድ ሰዓት በጓሯቸው ያሉትን ወፎች እንዲቆጥሩ ጋበዘ። ለልጆች የታሰበው ሥራ በኋላ በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ቤተሰቦች የሚሳተፉበት ሆነ። ማንም ሰው ትጠፋለች ብሎ ያልጠረጠራት የቤት ድንቢጥ ከዚያ ዓመት ወዲህ በየጓሮው ከግማሽ በላይ መቀነሷን ያሳየው ይህ ቆጠራ ነው። ብርቅ ወፍ ስትጠፋ ሰብሳቢው ያውቃል፤ የዘወትሯ ወፍ ግን ስትመናመን የሚያስተውላት በቤቱ ደጃፍ የሚቆጥር ሰው ብቻ ነው። የስኮት ስዋኖችም ቁጥራቸው ቀንሷል፤ አንዱ ምክንያት ብርዱ እየለዘበ በመሄዱ ብዙዎቹ ከእንግሊዝ ሳይደርሱ በአህጉረ አውሮፓ መቅረታቸው መሆኑን ያው የብርድ ወራት መዝገብ ይናገራል።

የዚህ ታሪክ ክር ኢትዮጵያንም ይነካል። ሰሜኑ ሲበርድ ከአውሮፓና ከእስያ የሚነሡ ዳክዬዎች፣ የባሕር ዳር ወፎችና ጨረባዎች በስምጥ ሸለቆ ሐይቆችና በደጋው ረግረግ ላይ ያርፋሉ። የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር በ1966 ተቋቁሟል፤ የኤሚል ኧርባንና የሌስሊ ብራውን የኢትዮጵያ አዕዋፍ ዝርዝርም በ1971 በአዲስ አበባ ታትሟል። ይሁንና የውሃ አዕዋፍ መጠጊያ የነበረው የሐሮማያ ሐይቅ ለመስኖና ለከተማ ውሃ ከመጠን በላይ ስለተቀዳና በደለል ስለተሞላ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት እስከ መድረቅ ደርሷል፤ ውሃ ተመልሶ የታየበት ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። በእንግሊዝ አንድ ረግረግ የተረፈው ስለ እርሱ ዓመት ከዓመት የሚጽፍ ሰው በአጠገቡ በመኖሩ ነው። በየሐይቁ ዳር ትምህርት ቤት፣ በየትምህርት ቤቱም ደብተርና እርሳስ ያለው መምህርና ተማሪ ባለበት አገር፣ ይህን መሰል መዝገብ ለመክፈት የሚጠይቀው ወጪ አነስተኛ ነው፤ የሚጠይቀው ትዕግሥት ግን ብዙ ነው።